ግድግዳ ውስጥ የተሸሸገ ጭስ ማውጫ፦ የባሉን ፍሬም ቤትና የእሳት አደጋው

በአሜሪካ ከተሞች አሮጌ ሰፈሮች የሚሠሩ የእሳት አደጋ ሠራተኞች በሚገባ የሚያውቁት አንድ አሳሳች እሳት አለ። ተጠርተው ሲደርሱ ጥቁር ጭስ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር እየተግተለተለ ይወጣል፤ ሳሎኑም ሆነ ከሳሎኑ በላይ ያሉት መኝታ ቤቶች ግን ደኅና ይመስላሉ። ይህን ያየ ሰው እሳቱ ያለው ጣሪያ ሥር ነው ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። ሆኖም እሳቱ የተነሣው ከሁሉም በታች፣ ከመሬት ሥር ባለውና ቤዝመንት በሚባለው ክፍል ውስጥ፣ ምናልባትም ከልብስ ማድረቂያው ማሽን ጀርባ ሊሆን ይችላል። በመካከል ያሉትን ክፍሎች ሳይነካ ከታች ወደ ላይ የደረሰው በደረጃው ወይም በመስኮቱ ሳይሆን በግድግዳው ውስጥ ነው።

እሳት እንዲህ ያለውን መንገድ የሚያገኘው በተለይ ባሉን ፍሬም በሚባለው የአሠራር ዘዴ በቆሙ የእንጨት ቤቶች ውስጥ ነው። ስሙ በቀጥታ ቢተረጎም «የፊኛ አጽም» እንደ ማለት ነው። ስለነዚህ ቤቶች ሲነገር ብዙ ሰው ጥፋቱን በእንጨቱ ላይ ይጥላል። በእኔ አመለካከት ግን ከእንጨቱ ይልቅ ሊታይ የሚገባው በእንጨቶቹ መካከል የቀረው ባዶ ቦታ ነው፤ እንጨቱ ማገዶ ሲሆን፣ እሳቱን ከቦታ ወደ ቦታ የሚያደርሰው ግን ባዶው ነው።

ልዩነቱን ለመረዳት የእኛን የጭቃ ቤት ማሰብ ይጠቅማል። የጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው እንደሚያውቀው ቋሚዎቹ ከተተከሉና ማገሩ ከተመታ በኋላ በጭድ የተቦካ ጭቃ በመካከሉ ይጠቀጠቃል፣ ከዚያም በላዩ ላይ ይመረጋል። ግድግዳው በመጨረሻ እንጨቱ በጭቃ ውስጥ የተቀበረበት አንድ ወጥ አካል ይሆናል፤ ጣሪያውና ኮርኒሱ ሊቃጠሉ ቢችሉም እሳት በግድግዳው ውስጥ ሽቅብ የሚሮጥበት ቦታ አያገኝም። የአሜሪካው አሮጌ ቤት ግድግዳም ከውስጥ በኩል ሲታይ ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ነገር አለው፤ በቋሚዎቹ ላይ ስስ የእንጨት ርብራብ አግድም ተመትቶ በላዩ ላይ ልስን ይለሰንበታል። ልስኑ ግን የሚያርፈው በውስጠኛው ፊት ላይ ብቻ ነው። በውጭ በኩል ደግሞ ጣውላ ተመትቶበታል፤ በሁለቱ ፊቶች መካከል ያለው፣ የቋሚውን ወርድ ያህል ጥልቀት ያለው ቦታ፣ አየር ብቻ ይዞ ይቀራል።

ይህ ዘዴ እንዴት እንደ ተወለደ መናገር አስፈላጊ የሚሆነው አደጋው ከጥቅሙ ጋር አብሮ የመጣ በመሆኑ ነው። ከ1830ዎቹ በፊት (ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በሰሜን አሜሪካ የእንጨት ቤት በብዛት የሚሠራው ከአውሮፓ በመጣው የከባድ አጽም ዘዴ ነበር። ወፋፍራም ምሰሶዎችና አግዳሚዎች በመጥረቢያ ይጠረቡና የአንዱ ጫፍ እንደ ምላስ ተቀርጾ በሌላው ላይ በተፈለፈለ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፤ መጋጠሚያውም በእንጨት ችንካር ይጠብቃል። ሥራው በዚህ ሙያ የሠለጠነ አናጢ ይጠይቃል፤ የአንድ ጎን አጽም መሬት ላይ ተገጣጥሞ ሲነሣም ብዙ ሰው አንድ ላይ መግፋት ነበረበት። ቺካጎን የመሰለች፣ በ1833 ወደ 350 የሚሆኑ ነዋሪዎች ብቻ የነበሯትና በ1870 ወደ 300,000 የደረሰች ከተማ በዚህ ፍጥነት ልትሠራ አትችልም ነበር።

በዚያው ዘመን ሁለት ነገሮች ተገናኙ። አንደኛው በውኃና በእንፋሎት ኃይል የሚሠሩ መሰንጠቂያዎች ወጥ ልክ ያለው ቀጭን ጣውላ በብዛት ማውጣታቸው ሲሆን፣ ሁለተኛው ቀድሞ አንጥረኛ አንድ በአንድ ይቀጠቅጠው የነበረው ምስማር በማሽን እየተቆረጠ መርከሱ ነው። በሚቺጋንና በዊስኮንሲን ደኖች የተቆረጠው ነጭ ጥድ በሚቺጋን ሐይቅ ላይ እየተጓጓዘ ቺካጎ ይራገፍ ነበር። ስለዚህ በጥቂት ወፋፍራም ምሰሶዎች ምትክ ብዙ ቀጫጭን ቋሚዎችን አቀራርቦ ማቆም፣ በተቀረጸ መጋጠሚያ ምትክም ምስማር መምታት ተቻለ። ፈጠራውን አንዳንዶች በ1832 በቺካጎ መጋዘን ሠርቷል ለሚባለው ለጆርጅ ዋሽንግተን ስኖው ሲሰጡ፣ ሌሎች ደግሞ በ1833 የከተማዋን የመጀመሪያ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ለሠራው ለአውግስቲን ቴይለር ይሰጡታል። ስያሜውም፣ በተለምዶ እንደሚነገረው፣ የነባሩ ሙያ ባለቤቶች «ይህ እንደ ፊኛ የቀለለ ነገር ነፋስ ሲመጣ ይበርራል» ብለው ካፌዙበት ፌዝ የቀረ ነው። ቤቶቹ ግን አልበረሩም፤ ከእነሱ መካከል ብዙዎቹ ከመቶ ዓመት በኋላም ቆመዋል።

አሁን ወደ ግድግዳው ውስጥ እንግባ። በባሉን ፍሬም ቤት ውስጥ ቋሚዎቹ በመሠረቱ ላይ ከተጋደመው ወፍራም ጣውላ ተነሥተው፣ ምድሩንና ፎቁን ሳይቋረጡ አልፈው፣ ጣሪያው እስከሚያርፍበት የላይኛው አግዳሚ ድረስ አንድ ወጥ ሆነው ይዘልቃሉ። ምድርና አንድ ፎቅ ባለው ቤት ይህ ርዝመት ወደ 6 ሜትር ይጠጋል። ቋሚው በተለምዶ «ሁለት በአራት» የሚባለው፣ ማለትም በግምት 5 በ10 ሳንቲሜትር የሆነው ጣውላ ነው፤ ከአንዱ ቋሚ መካከል እስከ ቀጣዩ መካከል ያለው ርቀትም አብዛኛውን ጊዜ 16 ኢንች፣ ወደ 40 ሳንቲሜትር ነው። የፎቁ ወለል የሚያርፈው በቋሚዎቹ ላይ ወርዱን ያህል ተቆርጦ በገባ አንድ ቀጭን ደጋፊ ጣውላ ላይ ሲሆን፣ የወለሉ አግዳሚዎች ከዚያ በኋላ በቋሚዎቹ ጎን ላይ በምስማር ይመታሉ። ይህ ደጋፊ ጣውላ ወለሉን ይሸከማል እንጂ ክፍተቱን አይዘጋም። በፎቁና በምድሩ መካከል ወለል አለ ብለን የምናስበው በክፍሉ ውስጥ ስለምንኖር ነው፤ በግድግዳው ውስጥ ግን ወለል የሚባል ነገር የለም።

በዚህ ስሌት 10 ሜትር ርዝመት ያለው አንድ ግድግዳ ወደ 25 የሚሆኑ፣ እያንዳንዳቸው 35 ሳንቲሜትር ገደማ ስፋት፣ 10 ሳንቲሜትር ጥልቀትና 6 ሜትር ቁመት ያላቸው ባዶ ቱቦዎችን ይዟል ማለት ነው። 8 በ10 ሜትር የሆነ ቤት በአራቱም ጎኖቹ ወደ 90 የሚጠጉ ይኖሩታል። በመስኮትና በበር ላይ የሚቋረጡትን ብንቀንስ እንኳን ቁጥሩ ብዙ ነው። ከዚህም በላይ በወለሉ አግዳሚዎች መካከል ያለው ቦታ በየጫፉ ወደነዚሁ ቱቦዎች ስለሚከፈት፣ ቁልቁልና ሽቅብ ያለው ባዶ ከአግድሙ ባዶ ጋር ይገናኛል። ቤቱ በክፍሎቹ ተለያይቶ ይታይ እንጂ ከልስኑ ጀርባ አንድ የተያያዘ ዋሻ ነው።

እሳት በዚህ ዋሻ ውስጥ ለምን እንደሚፈጥን ለማወቅ ምድጃ አጠገብ ያደገ ሰው ብዙ ትምህርት አያስፈልገውም። አንድ ፍልጥ ብቻውን ሲነድድ ቶሎ ይከስማል፤ ሁለት ፍልጦች ጣት በሚያስገባ ርቀት ተቀራርበው ሲቀመጡ ግን አንዱ የሌላውን ፊት እያጋለ እሳቱ ይበረታል። እንጨት ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲግል ተቀጣጣይ ጋዝ ይለቃል፤ በነበልባል የሚነደው ይህ ጋዝ ነው። በግድግዳው ክፍተት ውስጥ ሁለት ቋሚዎች፣ ከኋላ የውጭው ጣውላ፣ ከፊት ደግሞ የልስኑ የእንጨት ርብራብ ፊት ለፊት እየተያዩ በአራቱም ጎን ይገኛሉ። ሙቀቱ የሚበተንበት ቦታ የለውም። ርብራቡ ደግሞ ስስና የደረቀ በመሆኑ እንደ ጭራሮ ነው።

በዚህ ላይ የአየሩ ጉዳይ ይጨመራል። ሞቃት አየር ቀላል ስለሆነ ሽቅብ ይወጣል፤ ሲወጣም ከታች ቀዝቃዛ አየር ይስባል። ከታች በቤዝመንቱ፣ ከላይ ደግሞ ከኮርኒሱ በላይ ባለውና አቲክ በሚባለው ቦታ የተከፈተ ጠባብና ረጅም ቱቦ የጭስ ማውጫ ትርጉም ራሱ ነው። ጭስ ማውጫ ሲሠራ በጡብ ወይም በብረት የሚሠራው በውስጡ የሚያልፈው ነገር እንዳያቃጥለው ነው፤ እነዚህ ጭስ ማውጫዎች ግን የተሠሩት ከማገዶ ነው። እሳቱ አቲክ ሲደርስ ሞቃቱ ጋዝ በጣሪያው ሥር በአግድም ይንሰራፋና ጣሪያውን ከውስጥ ይይዛል። ጉዞው በአንድ አቅጣጫ ብቻ አይደለም፤ ከላይ የሚረግፍ ፍም በዚያው ቱቦ ቁልቁል ወርዶ ከእሳቱ ርቆ የነበረን የቤዝመንት ጥግ ሊያቀጣጥል ይችላል።

የጣውላው ቀጭንነትም የራሱ ድርሻ አለው። የጥድ ዘር እንጨት እሳት ሲበላው በአማካይ በደቂቃ 0.6 ወይም 0.7 ሚሊሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይከስላል። በግማሽ ሰዓት ከእያንዳንዱ ፊት ወደ 2 ሳንቲሜትር ይሄዳል ማለት ነው። ጎኑ 25 ሳንቲሜትር የሆነ የድሮ ምሰሶ ዙሪያውን ቢነድድም 21 ሳንቲሜትር የሚያህል ጤነኛ እንጨት ይቀረዋልና ሸክሙን ይዞ ሊቆይ ይችላል። ውፍረቱ 5 ሳንቲሜትር የሆነ ቋሚ በሁለት ጎን ቢነድድ ግን የሚቀረው 1 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ «እንጨት ነውና ይነድዳል» የሚለው አነጋገር ብዙ ነገር ይሸፍናል፤ ወፍራም እንጨትና ቀጭን እንጨት በእሳት ፊት ሁለት የተለያዩ ቁሶች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ችግሩ ፍጥነቱ ብቻ አይደለም፤ መደበቁም ነው። ልስኑ ለተወሰነ ጊዜ እሳቱን ከክፍሉ ይከለክለዋል፤ በዚያው ልክ ግን ከዓይን ይሰውረዋል። ሙቀት የሚያሳየው ካሜራ ትልቅ እርዳታ ቢሆንም የሚያነበው የግድግዳውን የላይኛውን ፊት ሙቀት ስለሆነ፣ ወፍራም ልስን በስተኋላው ያለውን እሳት ለጊዜው ሊሸሽግበት ይችላል። በዚህ ምክንያት የቤቱን ዓይነት የለየ አዛዥ ጭሱ ከላይ ሲወጣ ሰው ወደ ቤዝመንቱም ይልካል፤ እሳቱ ከታች ሲገኝም ሳይዘገይ ወደ አቲኩ ሰው ይልካል። ግድግዳና ኮርኒስ በመጥረቢያና በሜንጦ ይከፈታል፤ አንዳንድ ጊዜም ከአቲኩ ጠርዝ በየክፍተቱ ውስጥ ቁልቁል ውኃ ይለቀቃል። እሳቱ ጠፋ ከተባለ በኋላ ሳሎኑን ቦድሰው ሲሄዱ የተመለከተ ባለቤት ቢያዝንም፣ ያልተከፈተ አንድ ክፍተት ውስጥ የቀረ ፍም ከሰዓታት በኋላ ቤቱን እንደገና ሊያስነሣው ስለሚችል ሥራው የግድ ነው። የመፍረስ አደጋም አለ፤ ቋሚዎቹ ከታች እስከ ላይ አንድ ወጥ በመሆናቸው ከታች የተበላ ግድግዳ የሁለቱን ደረጃ ቁመት ያህል ሆኖ ባንድ ጊዜ ወደ ውጭ ሊወድቅ ይችላል።

ስለ ባሉን ፍሬም ሲወራ የ1871ዱ የቺካጎ ታላቅ ቃጠሎ ሁልጊዜ ይነሣል፤ እዚህ ላይ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንዳይቀላቀሉ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ጥቅምት 8 ቀን ምሽት በዲኮቨን ጎዳና ከአንድ ጋጣ አካባቢ የተነሣው እሳት እስከ ጥቅምት 10 ድረስ ነድዶ 300 ያህል ሰዎችን ገደለ፤ ከ17,000 በላይ ሕንፃዎችን አወደመ፤ ወደ 100,000 የሚሆኑ ነዋሪዎችንም ያለ መጠለያ አስቀረ። የጋጣው ባለቤት ወይዘሮ ኦሊሪ ላም ፋኖስ ረግጣ ነው የተባለው ተረት ለመቶ ዓመታት ሲነገር ኖሮ የከተማዋ ምክር ቤት በ1997 ሴትዮዋንም ላሚቱንም ነጻ አድርጓቸዋል፤ በዚያ ሥፍራ ዛሬ የቆመው ደግሞ የከተማዋ የእሳት አደጋ ማሠልጠኛ ነው። ያንን ቃጠሎ ያሰፋው ረጅም ድርቅ፣ ኃይለኛ የደቡብ ምዕራብ ነፋስና ቤቱም፣ ጣሪያውም፣ የእግረኛ መንገዱም ሳይቀር ከእንጨት የሆነ ከተማ ነበር። እሳቱ ከቤት ወደ ቤት የተዛመተው በነፋስ በተወሰደ ፍም በውጭ በኩል ነው እንጂ በግድግዳ ክፍተት አይደለም። ቀጭን ጣውላ በብዛት መኖሩ ማገዶውን እንዳበዛ አይካድም፤ ነገር ግን ዛሬ አሮጌ ቤት ውስጥ ለሚኖር ሰው የሚያሠጋው ከተማ የሚበላ ሰደድ ሳይሆን በገዛ ግድግዳው ውስጥ የሚወጣው ዝምተኛ እሳት ነው።

ከዚያ ቃጠሎ በኋላ ቺካጎ በመሃል ከተማዋ የእንጨት ቤት መሥራትን ብትከለክልም፣ ዘዴው ወደ ከተማ ዳርቻዎችና ወደ ምዕራብ መስፋፋቱን ቀጠለ። ዝነኞቹ የቦስተንና የዉስተር ሦስት ደረጃ ያላቸው የሠራተኞች ቤቶችም፣ በ1880ና በ1930 መካከል በብዛት ሲሠሩ፣ ብዙዎቹ በዚሁ ዘዴ የተሠሩ ናቸው፤ በነሱ ላይ ቱቦው አንድ ደረጃ ይረዝማል፣ በላይ የሚተኙት ቤተሰቦችም ቁጥር ይጨምራል። አናጢዎቹ ችግሩን ፈጽሞ አያውቁትም ነበር ማለት አይቻልም። ጠንቃቆቹ በየወለሉ ደረጃ በቋሚዎቹ መካከል ጡብ በጭቃና በኖራ ይደረድሩ ነበር፤ ይህም ለእሳትም ለአይጥም ነው። አይጥ በግድግዳ ውስጥ ከቤዝመንት እስከ ጣሪያ በነጻነት የሚመላለስበት ቤት እሳትም የሚመላለስበት ቤት ነው። ይሁን እንጂ ጡብ መደርደር ጊዜና ገንዘብ ስለሚወስድ፣ ተለስኖ ከተዘጋም በኋላ ማንም ስለማያየው፣ ብዙዎቹ ይተዉት ነበር።

ዘዴውን ከሜዳ ያስወጣውም የእሳት ፍርሃት ብቻ አልነበረም። 6 ሜትር የሚዘልቅ ቀጥ ያለ ጣውላ የሚገኝበት ጥንታዊ ደን እየተመናመነ ሲሄድ፣ አጫጭር ጣውላ የሚጠቀመው ፕላትፎርም ፍሬም የሚባለው ዘዴ ቦታውን ያዘ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በተሠሩት ሰፋፊ ሰፈሮችም ገዥው ዘዴ ሆነ። በዚህኛው ዘዴ መጀመሪያ የምድሩ ወለል እንደ መድረክ ተሠርቶ ያልቃል፤ በላዩ የአንድ ደረጃ ቁመት ያለው ግድግዳ ይቆማል፤ በግድግዳው ላይ ሌላ መድረክ ይነጠፋል፤ ከዚያ ሁለተኛው ግድግዳ ይቀጥላል። ለሠራተኛው የሚቆምበት ወለል ስለሚሰጠው የተመረጠ ነው። ለእሳት ግን ትልቁ ለውጥ እያንዳንዱ ግድግዳ ከታችም ከላይም በአግድም ጣውላ መዘጋቱ ነው፤ ቱቦው በየደረጃው ይቆረጣል። ደኅንነቱ በዓላማ ሳይሆን በአሠራሩ ባሕርይ የመጣ መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ባሉን ፍሬምም ያለ ብልጫ አልነበረም፤ እንጨት ሲደርቅ በወርዱ እንጂ በቁመቱ ብዙ ስለማይኮማተር፣ ረጅሙ ቋሚ ልስኑ እንዳይሰነጠቅ ያግዝ ነበር። ዛሬም ከፍ ያለ ሳሎን ባላቸው አዳዲስ ቤቶች ረጅም ወጥ ቋሚ ይቆማል፤ ነገር ግን የአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ግንባታ ደንብ በየወለሉና በየኮርኒሱ ደረጃ፣ እንዲሁም በአግድም ቢያንስ በየ10 ጫማው፣ ማለትም በየ3 ሜትሩ፣ የእሳት ማገጃ እንዲገባ ያስገድዳል።

የተሸሸገ ባዶ ቦታ አደገኛነት በእንጨት ቤት ብቻ የሚወሰን ጉዳይ አይደለም። በሰኔ 14 ቀን 2017 ሌሊት በለንደን የግሬንፌል ሕንፃ ሲነድ 72 ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነሱም መካከል የኢትዮጵያና የኤርትራ ተወላጆች ነበሩ። ያ ሕንፃ ኮንክሪት ነበር። ለጥፋቱ ዋናው ምክንያት ከውጭ የለበሰው ተቀጣጣይ ፕላስቲክ ያለበት ሽፋን ሲሆን፣ ከሽፋኑ ጀርባ የነበረው ክፍተትና ክፍተቱን ሊቆርጡ የተገባቸው ማገጃዎች ጉድለት ደግሞ እሳቱን አግዘውታል። ቁሱ ሌላ ነው፤ ጭስ ማውጫው ግን ያው ነው።

ይህ ጉዳይ ለአንባቢ ሩቅ ሊመስለው ይችላል። ሆኖም በሲያትል መካከለኛ ሰፈር፣ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል፣ በኦክላንድም የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን የተከራዩአቸው ወይም የገዟቸው ቤቶች ባለፈው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተሠሩ የእንጨት ቤቶች ናቸው። በዋሽንግተን ዲሲ የተለመዱት ተያያዥ የጡብ ቤቶች ሌላ ዓይነት ናቸው፤ የየራሳቸው ክፍተቶች ቢኖሯቸውም የውጭ ግድግዳቸው ባሉን ፍሬም አይደለም። ቤቱ ከ1940 በፊት የተሠራ የእንጨት ቤት ከሆነ መጠርጠር ተገቢ ነው፤ የተሠራበት ዓመት በአካባቢው መስተዳድር የንብረት መዝገብ ላይ ይገኛል። ከዚያ በኋላ ባትሪ ይዞ ወደ ቤዝመንቱ መውረድ ነው። የውጭው ግድግዳ በመሠረቱ ላይ በሚያርፍበት ቦታ፣ ከኮርኒሱ አጠገብ፣ በወለሉ አግዳሚዎች መካከል ቀና ተብሎ ሲታይ በቋሚዎቹ መካከል ወደ ላይ የሚሄድ ጨለማ ክፍተት ካለ፣ በብርዱ ወራትም ከዚያ የሚነፍስ አየር እጅ ላይ የሚሰማ ከሆነ፣ ቱቦው ክፍት ነው። በአቲኩ ጠርዝ በኩልም እንዲሁ ቁልቁል ይታያል።

መድኃኒቱ ውስብስብ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ግድግዳውን ሁሉ ማፍረስ ሳያስፈልግ ሁለቱን ጫፎች፣ የቤዝመንቱንና የአቲኩን፣ መዝጋት ብቻ ጭስ ማውጫነቱን በእጅጉ ይቀንሰዋል፤ አየር የማይስብ ምድጃ እንደማይነድ ሁሉ። ለዚህም ለክፍተቱ ልክ የተቆረጠ ውፍረቱ 4 ሳንቲሜትር ገደማ የሆነ ጣውላ፣ ጂፕሰም ቦርድ፣ ወይም ከድንጋይ የሚሠራው ሱፍ መሰል ኢንሱሌሽን (ሙቀትና ብርድ የሚከላከል መሙያ) በጥብቅ ታምቆ ያገለግላል። የድንጋዩ ሱፍ ከ1,000 ዲግሪ በላይ ስለሚቋቋም ተመራጭ ነው፤ የሚረጨው ተራ ፎም ግን ራሱ ፕላስቲክ ነውና ማገጃ መስሎ ማገዶ ይሆናል። ሙሉ ክፍተቱን ቦሬት በሚባል እሳት በሚከላከል ጨው በታከመና ጠቅጠቅ ተደርጎ በሚነፋ የወረቀት ጭረት ኢንሱሌሽን መሙላትም አለ፤ ይህ የእሳቱን መንገድ ከመያዙም በላይ የማሞቂያ ወጪ ይቀንሳል። በአንድ ነገር ግን ሊቸኮል አይገባም። በዚያ ዘመን ቤቶች ግድግዳ ውስጥ እስከ 1940ዎቹ ድረስ ይዘረጋ የነበረው፣ በሸክላ ማለያያዎች ላይ ተወጥሮ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ገመድ ሙቀቱን የሚያስወግደው በዙሪያው ባለው አየር ነው። ያንን ገመድ በኢንሱሌሽን መቅበር አንዱን አደጋ እዘጋለሁ ብሎ ሌላውን መጫር ስለሆነ የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ደንብ ይከለክለዋል። ስለዚህ በመጀመሪያ ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሽቦውን ያያል፤ ካስፈለገም ይቀየራል፤ ከዚያ በኋላ ክፍተቱ ይሞላል። ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት ግድግዳ ሲቦደስ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ማዕድን ያለበት ቀለምና ሲተነፈስ ሳንባን የሚጎዳው አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል ይህም አስቀድሞ ይመረመራል።

ተከራይ ግድግዳ መክፈት አይችልም። ያም ሆኖ በእጁ ያለው ትንሽ አይደለም። የጭስ ማስጠንቀቂያ በየደረጃው፣ በተለይም በቤዝመንቱ፣ መኖር አለበት፤ አንዱ ሲጮኽ ሁሉም እንዲጮኹ እርስ በርስ የተያያዙ ቢሆኑ ይመረጣል። ከ10 ዓመት በላይ የሆነው መሣሪያ ባትሪው ቢሠራም ይቀየራል። በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ከላይ የሚተኛ ሰው ከታች የተነሣ እሳት ቀድሞ ወደ እሱ ሊደርስ እንደሚችል ማወቅ አለበት፤ በመኝታ ጊዜ በር መዝጋት፣ በሌላ ጊዜ ሁሉ እጅግ ጠቃሚ ቢሆንም፣ ከግድግዳ ለሚመጣ እሳት ሙሉ መከላከያ አይሆንም። የዛሬ ሶፋና ፍራሽ በአብዛኛው ከፎምና ከሰው ሠራሽ ጨርቅ በመሠራቱ አንድ ክፍል ከ5 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ሊቀጣጠል እንደሚችል በሙከራ ታይቷል፤ የመቶ ዓመቱ ግድግዳ እንዲህ ያለ ዕቃ ይገባበታል ተብሎ አልተሠራም።

ቤቱ ታድሶም ከሆነ «ማገጃ ገብቶለታል» የሚለው ቃል ብቻ አይበቃም። ማገጃው ከገባ በኋላ የቧንቧ ሠራተኛ ይመጣል፤ ቀጥሎ የኢንተርኔት ገመድ የሚዘረጋው ይመጣል፤ እያንዳንዱም የራሱን ቀዳዳ በዚያው ጣውላ ላይ ይበሳል። ተቆጣጣሪ ከማየቱ በፊት ግድግዳው በጂፕሰም ቦርድ ከተዘጋ ቀዳዳዎቹ ክፍት ይቀራሉ። ስለዚህ የሚያሳድስ ሰው ሊጠይቅ የሚገባው ጊዜ ሽቦውና ቧንቧው ገብቶ ግድግዳው ገና ሳይዘጋ ነው። በዚያ ቀን ባትሪ ይዞ በየወለሉ ደረጃ ያለውን ማገጃ አንድ በአንድ ማየትና በገመዱ ዙሪያ የቀረው ክፍተት መደፈኑን በጣት መንካት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።